ቫኔሳ፦ ስሙ ቀደመ ወይስ ቢራቢሮዋ?

እኛ ኢትዮጵያውያን አዲስ ስም በሰማን ቁጥር ትርጉሙን መጠየቅ ልማዳችን ነው። ተስፋዬ፣ ታደለች፣ ማንደፍሮ ወይም የሺእመቤት የተባለ ሰው ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አይቸገርም፤ ስሙ ራሱ የወላጆችን ምኞት፣ ምስጋና ወይም ብሶት ይናገራልና። ከዚህ ልማድ የተነሣ የባዕድ ስም ሲያጋጥመንም «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ማለታችን አይቀርም። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ስም ሁሉ ትርጉም ይዞ አይወለድም። ትርጉም ያልነበረውን ስም በግድ ትርጉም ስናለብሰው ልብ ወለድን በታሪክ ስፍራ እናስቀምጣለን። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የሚታወቀው «ቫኔሳ» የተሰኘው የሴት ስም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስሞችን ትርጉም እንዘረዝራለን የሚሉ ልዩ ልዩ ጽሑፎች «ቫኔሳ በግሪክኛ ቢራቢሮ ማለት ነው» ሲሉ ይነበባሉ። አንዳንዶቹም ስሙን «ፋኔስ» ከተባለ የጥንት ግሪኮች አምላክ ጋር ያዛምዱታል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ እውነትም ይመስላል፤ ምክንያቱም በሥነ ሕይወት ሳይንስ ቫኔሳ ተብሎ የሚጠራ የቢራቢሮ ወገን በእርግጥ አለ። ነገር ግን በጥንታዊው ግሪክኛ ቢራቢሮ የምትጠራው «ፕሲኬ» በሚለው ቃል ነበር፤ ይኸው ቃል ነፍስ ማለትም ነው። ታዲያ ቫኔሳ ከየት መጣ?

ስሙን የፈጠረው ጆናታን ስዊፍት ነው። ስዊፍት በ1667 በደብሊን ከተማ የተወለደ፣ በ1713 የዚያው ከተማ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ የሆነ ቄስና ደራሲ ሲሆን፣ ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው የገሊቨርን ጉዞዎች በተረከበት መጽሐፉ ነው። ይህ ሰው አስቴር ቫንሆምሪ ከተባለች ወጣት ሴት ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ነበረው፤ አባቷ ከኔዘርላንድስ የመጡ ነጋዴ ነበሩ። ስዊፍት ስለ ሁለቱ ግንኙነት በግጥም ሲጽፍ እውነተኛ ስማቸውን መሸሸግ ፈለገ። ስለዚህ ከቤተሰቧ ስም መነሻውን «ቫን»ን፣ አስቴር ከሚለው ስም የቁልምጫ አጠራር ደግሞ «ኤሳ»ን ወስዶ «ቫኔሳ» ብሎ ገጠማቸው። ለራሱም፣ በላቲን አለቃ ማለት የሆነውን «ዴካኑስ» የሚለውን ቃል ፊደላቱን አዟዙሮ «ካዴኑስ» የሚል ስም አወጣ። ግጥሙ የታተመው አስቴር በ1723 ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1726 ነው።

ደራሲ የፈጠረው ስም ሁሉ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም። ሼክስፒር ለአንዲት የተውኔት ገጸ ባሕርይው ሚራንዳ የሚለውን ስም ሲያበጅ፣ መደነቅን ከሚገልጽ የላቲን ቃል ተነሥቶ ነበር። ስለ ሚራንዳ ትርጉም መጠየቅ እንግዲህ መልስ ያስገኛል። ቫኔሳ ግን ሲፈጠር የአንዲት ሴት ስም መሸሸጊያ ነበር እንጂ ትርጉም ያለው ቃል አልነበረም።

ቢራቢሮዋስ? የዴንማርክ ተወላጅና የካርል ሊኒየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ዮሐን ክርስቲያን ፋብሪሲየስ ቫኔሳ የሚለውን ስም ለአንድ የቢራቢሮ ወገን የሰጠው በ1807 ነው። ሊኒየስ ራሱ፣ ለእንስሳት ሳይንሳዊ ስያሜ መሠረት በሆነው የ1758 እትሙ እነዚህን ቢራቢሮዎች ሲመዘግብ ቫኔሳ አላላቸውም፤ ከሌሎች ቢራቢሮዎች ጋር «ፓፒሊዮ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሏቸው ነበር። ከ1726 እስከ 1807 ያለው ጊዜ 81 ዓመት ነው። ልጅ አባቱን እንደማይወልድ ሁሉ፣ በ1807 የወጣ የቢራቢሮ ስም በ1726 ለታተመ ግጥም ምንጭ ሊሆን ከቶ አይችልም። ይህን ለማወቅ ግሪክኛ መማር አያስፈልግም፤ ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

የስሙ መስፋፋትም በተመሳሳይ ጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። ቫኔሳ ከግጥሙ በኋላ ለረጅም ዘመን ብርቅ ስም ሆኖ ቆየ። በ1879 የተወለደችው ሠዓሊ ቫኔሳ ቤልና በ1937 የተወለደችው ተዋናይት ቫኔሳ ሬድግሬቭ በእንግሊዝ ስሙን ይዘው ከታወቁት መካከል ናቸው። በአሜሪካ ደግሞ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከ1880 አንሥቶ ለተወለዱ ሕፃናት የወጡትን ስሞች በየዓመቱ በቁጥር ደርድሮ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። በዚህ መዝገብ ቫኔሳ ከመጀመሪያዎቹ 1,000 የሴት ስሞች ተርታ የገባው በ1950፣ በ939ኛ ደረጃ ነው። በ1977 ከመጀመሪያዎቹ 100 ስሞች አንዱ ሆነ፤ በ1980ዎቹ ከፍተኛ ደረጃውን ያዘ፤ በኋላም ዝቅ እያለ ሄደ።

ለመሆኑ ስሙ በአሜሪካ ለምን ተወደደ? አንዱ ቫኔሳ የተሰኘውን የሳሙኤል ባርበርን ኦፔራ፣ ሌላው የሬድግሬቭን ዝና በምክንያትነት ሊጠቅስ ይችላል። ይሁን እንጂ ኦፔራው በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1958 ነው፤ ሬድግሬቭም በፊልም ገናና የሆነችው በ1960ዎቹ ነው። ሁለቱም ጉዞ የጀመረውን ስም አግዘውት ይሆናል፤ አስጀመሩት ማለት ግን አይቻልም። እዚህም ላይ ፍርድ የሚሰጠው የዓመታት ቅደም ተከተል ነው።

የአንድ ስም መብዛት አንድ ትልቅ ምክንያት የግድ እንደማያስፈልገው ተመራማሪዎችም አሳይተዋል። በ2003 ማቲው ሃንና አሌክሳንደር ቤንትሊ የአሜሪካን የሕፃናት ስም መዝገብ መረመሩ። በመዝገቡ ጥቂት ስሞች እጅግ ለብዙ ሕፃናት ሲሰጡ፣ አብዛኞቹ ስሞች ግን ለጥቂቶች ብቻ ይሰጣሉ። ወላጆች አንዱ ከሌላው ስም በዘፈቀደ ቢቀዱና አልፎ አልፎ አዲስ ስም ቢፈጠር የሚገኘው ሥርጭት ከዚህ ጋር እንደሚስማማ ሁለቱ ተመራማሪዎች አመለከቱ። ሂደቱ ጂኖች ያለ ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ በዕድል ብቻ፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ከሚበዙበትና ከሚጠፉበት ሂደት ጋር ይመሳሰላል። በ2009 ደግሞ ጆና በርገርና ጋኤል ለ ሜንስ የፈረንሳይንና የአሜሪካን ስሞች አጥንተው፣ በፍጥነት የወጣ ስም በፍጥነት የመተው ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አሳዩ፤ ወላጆች የአንድ ሰሞን ፋሽን ይሆናል ብለው ይሸሹታልና።

«ታዲያ ደስ የሚል ትርጉም ቢሰጠው ማን ይጎዳል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ዛሬ አንዲት እናት ቢራቢሮዋን አስባ ልጇን ቫኔሳ ብትል አልተሳሳተችም፤ ቃል በጉዞው አዲስ ትርጉም ሊያፈራ ይችላልና። ስሕተቱ የዛሬውን ትርጉም ወስዶ «ጥንተ ምንጩ ይህ ነው» ማለት ነው። በእኛ እምነት የዚህ ስሕተት ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተማሪ በመቶ ቦታ ተገልብጦ ያየውን ቃል መቶ ምስክር እንዳለው አድርጎ ይቆጥረዋል። መቶዎቹ ቅጂዎች ከአንድ ስሕተት የተቀዱ ከሆኑ ግን ምስክሩ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሐሰተኛ። በስም ጉዳይ ይህን የለመደ አእምሮ በመድኃኒት፣ በምግብና በታሪክ ጉዳይም ይደግመዋል። ሁለተኛ፣ ከስሙ በስተጀርባ ያለችው ሴት ትጠፋለች። ግጥሙ የአስቴርን ስም ከፍሎ ሸሸገው፤ የሐሰት ትርጉሙ ደግሞ ጨርሶ ይፍቀዋል።

በእንስሳት ስያሜ ሕግ መሠረት፣ ለአንድ ዝርያ ከወጡ ስሞች መካከል በደንቡ መሠረት ቀድሞ የታተመው ቅድሚያ ያገኛል። ለቢራቢሮ የምናከብረውን ይህን የቅደም ተከተል ሥርዓት ለሰው ስም ልንነፍገው አይገባም። ስለሆነም ስለ አንድ ስም፣ ወይም ስለ ማናቸውም ነገር ምንጭ ሲነገረን፣ ሦስት ጥያቄዎችን እናስቀድም፦ መጀመሪያ የተጻፈው የትና መቼ ነው? ምክንያት የተባለው ነገር በእርግጥ ከውጤቱ ይቀድማልን? መስፋፋቱስ በቁጥር ተመዝግቧልን? ጥያቄዎቹ ቤተ ሙከራም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

ስሙ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች የምትገኝ አንዲት ቢራቢሮ ሳይንሳዊ ስሟ «ቫኔሳ አቢሲኒካ» ነው። ሁለተኛው ቃል የተወሰደው ከአገራችን የቀድሞ የውጭ መጠሪያ ነው። የመጀመሪያው የማን እንደሆነ አይተናል። ለመስክ ጥናት ወጥቶ ይህችን ቢራቢሮ የሚያገኝ ተማሪ ስሟን በማስታወሻ ደብተሩ ሲያሰፍር፣ የሚጽፈው የግሪክኛ ቃል ሳይሆን ከ300 ዓመት በፊት በአየርላንድ የኖረች የአንዲት አስቴር ስም መሆኑን ያስታውስ።