ነጥብና ጭረት ጌጥ አይደሉም

አገር ቤት እንግሊዝኛ ስንማር ግስ ማርባት በደንብ ተምረናል። ሥርዓተ ነጥቡ ግን እንደ ጌጥ ታለፈ። ጌጥ አለመሆኑ የሚገባን ውጭ ወጥተን ውል ስንፈርም፣ ለአለቃ ኢሜይል ስንጽፍ ነው። እንደ እኔ እምነት የችግሩ ምንጭ ስንፍና ሳይሆን የአማርኛችን ልማድ ነው።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አራት ነጥብ ባይኖር እንኳ «ሄደ» ሲባል ሐሳቡ ማለቁ ይታወቃል። «ተነስቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ሥራ ሄደ» ብንል ማንም አይደናገርም። ይህንን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ግን ሦስት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኮማ እንሰፋለን፤ መምህሩም በቀይ ያሰምርበታል።

ኮማ ገንዘብም ነው። የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይገባቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር «ለጭነት ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ይሁን «ማሸግ፣ ወይም ማከፋፈል» በማይለይ መንገድ አንዲት ኮማ ቀርታበት ነበር። የኦክኸርስት ወተት ድርጅት ሾፌሮች «እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም» ብለው ተከራከሩ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለእነሱ ወሰነ፤ በ2018 ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ።

ማሳጠሩን በተመለከተ፣ እኛም እናሳጥራለን፦ «ምን አለ» «ምናለ»፣ «የት አለ» «የታለ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን የወደቀው ፊደል ቦታ ላይ አፖስትሮፍ የምትባለውን ጭረት ያንጠለጥላል። «ኢትስ» ከጭረት ጋር «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ነው፤ ያለ ጭረት ግን ባለቤትነት ያሳያል። ከተጠራጠራችሁ ዘርዝራችሁ አንብቡት፤ ስሜት ከሰጠ ጭረቷ ትግባ።

የጆሮው ይብሳል። አሜሪካኖች «ካንት» ሲሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ብዙ ጊዜ ይውጧታል። የሚለየው አናባቢው ነው፦ «ካን» ዓረፍተ ነገር መሀል «ክን» ተብሎ ቶሎ ይታለፋል፣ «ካንት» ግን ረገጥ ተደርጎ ይነገራል። ሆስፒታል ለሚሠራ ወገናችን «ይቻላል» እና «አይቻልም» መምታታቱ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ያልጠራ ነገር ሲገጥማችሁ ሳታፍሩ አስደግሙ። ስትናገሩም ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ሳታሳጥሩ «ካን ኖት» በሉ።

በስልክ በአማርኛ ስንጻጻፍም አራት ነጥብን ከተውነው ቆይተናል። ልምምዱን ከዚያው ብንጀምር አይከፋም።