ድምፁን የሚያበላሸው መቀየሪያው ነውን?

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የገባ መንገደኛ በገበያ ቀን ሁለት ዓይነት መሰንቆ ሊሰማ ይችላል። አንደኛው አዝማሪው እፊቱ ቆሞ የሚገዘግዘው ነው። ሁለተኛው ከሱቅ ደጃፍ ከተቀመጠ ስፒከር የሚወጣው ነው። የመጀመሪያው ሞቅ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ሲኖረው ሁለተኛው ቆርቆሮ በቢላዋ ሲፋቅ ይመስላል። ዜማው ያው፣ ቅኝቱ ያው፣ መሣሪያውም ያው የፈረስ ጭራና ቆዳ ሆኖ ሳለ በመካከሉ ምን ጠፋ?

ይህ ጥያቄ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ጥቂት ለሚያውቁ ወጣቶች ሲቀርብ መልሳቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «መቀየሪያው ርካሽ ነው» ይላሉ። መቀየሪያ የምንለው በሜሞሪ ካርድ ላይ በቁጥር የተጻፈውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰውን፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጠውን ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል «ዳክ» የሚሉትም አሉ። ውጭ አገር ላለ ዘመዱ «ዳክ ላክልኝ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪም አጋጥሞናል። እኛ ግን በዚህ አስተያየት አንስማማም። ዛሬ በየቤቱ ካለው የድምፅ ሰንሰለት ውስጥ ሥራውን ከሁሉ ይልቅ በታማኝነት የሚሠራው መቀየሪያው ነው፤ ጥፋቱ የሚገኘው ከእርሱ በፊትና ከእርሱ በኋላ ነው። ይህ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ገጾች ባላጣበብን ነበር። ጥፋተኛውን በስሕተት ስንለይ ግን ገንዘባችን ወዳልሆነ ቦታ ይሄዳል፤ ሊተካ የማይችል ነገርም ሳናውቀው ከእጃችን ያመልጣል።

በመጀመሪያ ተከሳሹን እንወቀው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፅን የሚይዘው በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ በመለካት ነው። እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ይጻፋል፤ ይህም ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን መምረጥ ማለት ነው። መቀየሪያው እነዚህን ቁጥሮች በተራ እየተቀበለ ወደ ቮልቴጅ ይለውጣል። በሞባይል ስልክ፣ በቴሌቪዥን፣ በሳተላይት መቀበያ፣ ፍላሽ በሚያጫውት ራዲዮ፣ በሁሉም ውስጥ አለ።

ብዙ ተማሪ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ የዲጂታል ሞገድን የሚያውቀው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተሥሎ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ግርጌ የገብስ ማሳ በእርከን ተሠርቶ እንደሚታየው ማለት ነው። ከዚህ ሥዕል በመነሣት «ዲጂታል ድምፅ የተቆራረጠ ነው፤ ውድ መቀየሪያ ግን እርከኑን ያለሰልሰዋል» የሚል እምነት ተስፋፍቷል። ሥዕሉ አሳሳች ነው። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ኮቴልኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1933፣ አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሟቸው ጽሑፎች እንዳረጋገጡት፣ በአንድ ድምፅ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ከለካን በነጥቦቹ መካከል የሚያልፈው ትክክለኛ ሞገድ አንድና አንድ ብቻ ነው። ከመቀየሪያው ቀጥሎ ያለው ማጣሪያ ይህንኑ ሞገድ ይመልሳል እንጂ በግምት አይሞላም። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ስለሆነ 44,100 ይበቃል። በየሰከንዱ 192,000 ጊዜ የተለካ ፋይል የሜሞሪ ካርዱን ቦታ ከመብላት በቀር ለአድማጩ የሚጨምረው ነገር እስከዚህም ነው።

በ16 ቢት ድምፅ ከከፍተኛው ጩኸት እስከ ዝቅተኛው ሹክሹክታ ያለው ርቀት 96 ዴሲቤል ያህል ነው። አባቶቻችን በፍቅር ያዳመጡት ካሴት ግን ከ60 ዴሲቤል ብዙም አያልፍም ነበር። ተራ ስልክ ውስጥ ያለ መቀየሪያ እንኳ በዚህ ረገድ ካሴትን በሰፊው ይበልጣል። እንግዲህ ቆርቆሮው ከየት መጣ?

ከፋይሉ እንጀምር። ዘፈን በሜሞሪ ካርድ ከሚጭን ሱቅ የተገዛ ፋይል ብዙውን ጊዜ ኤምፒ3 ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም አቀፍ መስፈርትነት የታተመው ዘዴ ጆሮ ልብ አይለውም ተብሎ የሚገመተውን የድምፅ ክፍል እየጣለ ፋይሉን ያሳንሳል። ያልታመቀው የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ሲፈጅ የተለመደው ኤምፒ3 በ128 ይጨርሰዋል፤ አንድ አሥራ አንደኛ መሆኑ ነው። በጥንቃቄ አንድ ጊዜ ከታመቀ ጉዳቱ ለብዙ አድማጭ አይታወቅም። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ከቪዲዮ ላይ ያወጣዋል፤ ሌላው ቦታ ለመቆጠብ ወደ 64 ያወርደዋል፤ ሦስተኛው መልሶ ወደ 320 ከፍ አድርጎ «ጥራት ያለው» ብሎ ይሸጠዋል። የተጣለው ግን አይመለስም። ዲጂታል ፋይል እንዳለ ሲገለበጥ ሺህ ጊዜም ቢሆን አንዲት ቁጥር አይጎድልበትም፤ እንደገና ሲታመቅ ግን ካሴትን ከካሴት የመቅዳት የድሮው እርግማን ተመልሶ ይመጣል። የመሰንቆውን ጭራ ሸካራነትና የበገናውን ንዝረት ከሚሠሩት ረቂቅ ድምፆች መካከል ብዙዎቹ በዚህ ሂደት ቀድመው ይበላሻሉ።

በብሉቱዝ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ የስልኩ መቀየሪያ በዚያ ጊዜ ሥራ ፈት ነው። ስልኩ ድምፁን እንደገና አምቆ ይልካል፤ መቀየሩ የሚፈጸመው በስፒከሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ውድ መቀየሪያ ገዝቶ በብሉቱዝ ማዳመጥ በር ላይ ዘበኛ አቁሞ በጓሮ እንደመግባት ነው።

ከመቀየሪያው በኋላ ያለው ጉዳት ከዚህም ይብሳል። የስልክ ስፒከር ከ300 ወይም ከ400 ኸርዝ በታች እጅግ ይደክማል። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረት ግን የሚገኘው በ100 እና በ150 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን የከበሮው ምት ከዚያም ዝቅ ይላል። ጆሯችን ከላይኞቹ ድግግሞሾች ተነሥቶ የጎደለውን በምናቡ ስለሚሞላ ዜማውን እናውቀዋለን፤ ሆድ ውስጥ የሚገባው ነገር ግን የለም። በጥቂት ገንዘብ የሚገኝ፣ ሰፋ ባለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የተገጠመ አሮጌ ስፒከር በዚህ በኩል ከማንኛውም አዲስ መቀየሪያ ይልቅ ይጠቅማል።

የደጋው አየር ራሱ ድርሻ አለው። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስፒከር የሚሠራው አየር በመግፋት ነው፤ የሚገፋው አየር ሲሳሳ በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚፈጥረው ግፊት ይቀንሳል፤ ልዩነቱም ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይደርሳል። ይህ ብዙ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ትንሿን ስፒከር እስከ ጥግ ከፍቶ ለማንጫረር ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል።

ቤቱንም መርሳት አይገባም። ሲሚንቶ ወለል፣ የብሎኬት ግድግዳና ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፅን እያንጸባረቁ ቃሉን ከቃሉ ያደባልቁታል። የጭቃ ቤት፣ በተለይ አልጋና መደብ ላይ ልብስ የበዛበት፣ ከዚህ ይሻላል። ስፒከሩን ከባዶ ግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ፣ ከትይዩው ጋቢ ወይም ወፍራም መጋረጃ መስቀል፣ ወለሉ ላይ አጎዛ ማንጠፍ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ልዩነቱን ለመስማት ሙያ አያስፈልግም፤ እጅዎን አጨብጭበው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ማነጻጸር ይበቃል። (ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን ሳይንስም መፍትሔ የለውም፤ ቡና ማፍላት ይሻላል።)

ፍትሐዊ እንሁን፤ መቀየሪያውን መተካት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። የኮምፒውተር ማዳመጫ ቀዳዳ አይጡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጮህ ከሆነ በሣጥኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ አናሎጉ ክፍል እየገባ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ አነስተኛ መቀየሪያ ያን ሥራ ከረብሻው ስፍራ ያወጣዋል። ይሁንና ከመግዛት በፊት ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪ መሞከር ይገባል፤ ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ቻርጀሩ ወይም ኧርዙ ነው። የማያቋርጥ እምምታ ከተሰማ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመብራቱ 50 ኸርዝና ብዜቶቹ ናቸው፤ ኮምፒውተሩንና አምፕሊፋየሩን ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ብዙ ጊዜ ያስታግሰዋል። እምምታውን ለማጥፋት የኧርዝ ሽቦ የሚቆርጡ አሉ፤ ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ድፍረት ስለሆነ በጥብቅ እንቃወማለን። በሶላር ባትሪ የሚጠቀሙ የገጠር ቤቶች በዚህ ረገድ ከከተሜው የታደሉ ናቸው፤ ባትሪ አያምምም።

አንድ ቀላል ልማድ እንጨምር። ድምፅ በስልኩ ሳይሆን በአምፕሊፋየሩ ይቀነስ። በ16 ቢት የሚሠራ መሣሪያ ድምፁን በቁጥር በግማሽ በቀነሰ ቁጥር 6 ዴሲቤል፣ ማለትም አንድ ቢት ያህል ይከስራል። የስልኩን ከፍ፣ የአምፕሊፋየሩን ዝቅ ማድረግ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ነገ ሊታረም የሚችል ነው። ስፒከር ይለወጣል፤ ጋቢ ይሰቀላል፤ የተበላሸ የዘፈን ፋይል በሌላ ይተካል። የማይታረመው ተቃራኒው ጉዞ፣ ማለትም አናሎጉን ወደ ዲጂታል መቀየሩ ነው። በዳባት፣ በደባርቅና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች በየሣጥኑ ሥር የሠርግ ዘፈን፣ ፉከራና ቀረርቶ፣ የለቅሶ እንጉርጉሮ፣ ከስደት የተላከ የሰላምታ ቃል የያዙ ካሴቶች አሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በዳባት አካባቢ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ ነፍሱን ለማትረፍ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ካሴት ይዞ አይወጣም። የተረፉት በየዓመቱ በእርጥበትና በአቧራ እየተጎዱ ነው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ቴፑን ከፍቶ ስልኩን ከፊቱ በማስቀመጥ መቅረጽ ነው። እንዲህ ሲደረግ የቴፑ ስፒከር፣ የክፍሉ ማሚቶ፣ የደጁ ውሻና የስልኩ ማይክሮፎን ሁሉ በአያት ድምፅ ላይ ተደርበው ይቀራሉ። ከዚያም ካሴቱ ይጣላል። ወደፊት የሚመጣ የትኛውም መቀየሪያ ያን ሊያጸዳው አይችልም።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በርሊን ላይ የተቀረጹት በቀንድ መቅረጫ ነበር፤ የያዘው የድግግሞሽ ስፋት ከዛሬ ስልክ ያነሰ ነው። ሸክላው ስለተጠበቀ ግን ዛሬም ይሰማሉ። እኛ ከእነዚያ ባለሙያዎች የተሻለ መሣሪያ ይዘን የባሰ ቅጂ ልንተው አይገባም።

ስለዚህ ለመቀየሪያ የታሰበው ገንዘብ ካለ በዩኤስቢ የሚሰካ አነስተኛ መቅረጫ ይገዛበት፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ለቴፕ የሚሆን መግቢያ የላቸውምና። የቴፑ ሄድና ጎማው በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጠረግ። ከቴፑ የማዳመጫ ቀዳዳ ወደ መቅረጫው በገመድ ይገናኝ። የመጠን አመልካቹ በከፍተኛው ጩኸት ላይ እንኳ ጣሪያውን እንዳይነካ ይደረግ፤ ጣሪያ የነካ ሞገድ አናቱ ይቆረጣልና። ፋይሉ ሳይታመቅ በዌቭ ይቀመጥ። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በሲዲ ጥራት 635 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ ባለ 32 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ካርድ ወደ 50 የሚጠጉ ካሴቶችን ይችላል። ለስልክ የሚሆነው ኤምፒ3 ከዚህ ይወጣል፤ ዋናው ግን በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጥ። በደባርቅና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የፊዚክስና የኮምፒውተር ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ወደየቤታቸው ሲመለሱ ይህን ሥራ ከራሳቸው ቤት ቢጀምሩት መልካም ነው። ካሴት ለመቅዳት የሚፈጀው ጊዜ ካሴቱ የሚጫወትበት ያህል ስለሆነ አጠገቡ ቁጭ ብለው እናታቸውን «ይህ ድምፅ የማን ነው?» እያሉ ስሙን መጻፍ ይችላሉ።