ውክልና የሰጠ ሂሳብ ይጠይቅ

በቦሌም በሲኤምሲም ዕቃው ተሟልቶ በቀንና በሳምንት የሚከራይ አፓርታማ በየሕንፃው አለ። ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ይኖራል፤ ቁልፉ ግን እዚህ በወንድሙ፣ በአክስቱ ልጅ ወይም ድርሻ በሚያገኝ አከራይ እጅ ነው። በዓመት ውል የተከራየ ቤት ገንዘቡ ወሩን ጠብቆ ይገባል፤ ካልገባም ወዲያው ይታወቃል። በቀን የሚከራይ ቤት ትናንት ሰው አድሮበት እንደሆነ ግን ከሩቅ ማየት አይቻልም። «በዚህ ወር ገበያው ቀዝቅዟል» ሲባል ባለቤቱ ከማመን በቀር ምን ያደርጋል?

ብዙ ሰው ይህን የመተማመን ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይተወዋል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና የሚለው ግልጽ ነው። በቁጥር 2208 መሠረት ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ የወካዩን ጥቅም ብቻ እንዲያስብ ያዘዋል። በውክልናው ምክንያት ያገኘውን ሁሉ የማሳወቅና የማስረከብ ግዴታም አለበት። ባለቤቱ ሌሊቱን በ4 ሺህ ብር አከራይ ብሎት እሱ 5 ሺህ ከተቀበለ፣ ትርፏ 1 ሺህ ብር የባለቤቱ ናት። «በራሴ ብልጠት ያመጣሁት ነው» ማለት አያዋጣውም። ከቧንቧ ሠራተኛው በስውር የሚቀበለው ኮሚሽንም ያው ነው። ቤቱን የምታጸዳው እህቱ ከሆነችም ዋጋውን ከመወሰኑ በፊት ለባለቤቱ መንገር አለበት።

ችግሩ የሚከብደው ተወካዩ ዘመድ ሲሆን ነው። ያለ ክፍያ ስለሚደክም ሂሳብ መጠየቁ እንደ ስድብ ይቆጠርበታል። በነፃ የሚሠራን ሰው ሕጉ በጥንቃቄ ጉድለት ያን ያህል አይጫነውም፤ ከሂሳብ ግን ነፃ አያወጣውም። ወካዩ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሥራው ከምን እንደደረሰ ማስረዳት ግዴታው ነው። የወንድማማች ጠብ የሚመጣው ሂሳብ ስለተጠየቀ ሳይሆን ለዓመታት ሳይጠየቅ ስለቆየ ይመስለኛል።

ጥቂት ሰው የሚያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ ቤት መሸጥን አያካትትም። ነገር ግን በቁጥር 2204 መሠረት ከ3 ዓመት የማይበልጥ ኪራይ እንደ አስተዳደር ሥራ ይቆጠራል። ስለዚህ ለገና መጥቼ በቤቴ አርፋለሁ ያለ ሰው፣ ቤቱን በሕጋዊ ውል ለ2 ዓመት ተከራይቶ ሊያገኘው ይችላል። ተከራዩ ጥፋት የለበትም፤ ያየው ውክልና ገደብ አልተጻፈበትም። በኤምባሲ ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርባችሁ ስትፈርሙ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከስንት ቀን በላይ እንዳይከራይ፣ ከስንት ብር በላይ ጥገና ሳትፈቅዱ እንዳይሠራ፣ ገንዘቡም በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ እዚያው ላይ አስጽፉ። የእንግዶቹ ስም፣ የገቡበትና የወጡበት ቀን፣ የከፈሉትም በየወሩ ይላክላችሁ።

ውክልናውን ስትሽሩም በስልክ ነግሮ መተው አይበቃም። መሻሩን አስመዝግቡ፣ ሰነዱንም ተቀበሉ፤ ሥልጣኑ ያበቃ ተወካይ ወረቀቱን የመመለስ ግዴታ አለበት። ወረቀቱ በእጁ እስካለ ድረስ አምኖት የሚዋዋል ሰው አይጠፋም።