«ቁመትህ አይበቃም» ተብሎ የተመለሰው ልጅ

የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው ክረምት ታኬታውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከእናቱ የትራንስፖርት ብር ተቀብሎ፣ ለሙከራ ወደ አንድ ክለብ ሄደ። (ስሙን አልጠራም። ብዙዎቹ ያው ናቸው።) በማግስቱ ቡታጅራ ተመለሰ።

«ስንት ደቂቃ አጫወቱህ?»
«ሃያ።»
«ምን አሉህ?»
«ቁመትህ አይበቃም።»

በቃ! እኔ የምለው፣ ቁመቱን ለማወቅማ ሃያ ደቂቃ ምን አስፈለገ? ስልክ ደውለው ቢጠይቁት ኖሮ የእናቱ ብርም ይተርፍ ነበር።

ልጁ የቀኝ ተመላላሽ ነው። ይከላከላል፣ መስመር ይዞ ይወጣል፣ ኳስ ሲነጠቅ ቀድሞ የሚመለሰው እሱ ነው። ሙከራ ላይ ግን ሃያ ሁለቱም ልጅ የሚሮጠው ለመታየት ነው። ኳስ ያገኘ አይለቅም፤ ሁሉም አብዶ ይሠራል። ተመላላሹ ሦስት ኳስ ደርሶት ይወጣል። ታዲያ አሰልጣኙ ምን አይቶ ነው የፈረደው? ቁመት!

እስቲ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። አሜሪካኖች በእጅ በሚጫወቱት «ፉትቦላቸው» ውስጥ «ታይት ኤንድ» የሚሉት ቦታ አለ። ሥራው ሁለት ነው፤ ግዙፎቹን ተከላካዮች ገፍቶ ለጓደኛው መንገድ ይከፍታል፣ ደግሞ ራሱ ሮጦ ኳስ ይቀበላል። ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆች ለ32ቱ ክለቦች ከመከፋፈላቸው በፊት ኢንዲያናፖሊስ ይጠሩና ቁመታቸው፣ ክብደታቸው፣ የእጃቸው ስፋት ሳይቀር ይለካል። 36 ሜትር ገደማ ሲሮጡ ሰዓት ይያዝባቸዋል። ሐኪም ያያቸዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ መልማዮቹ የዓመታት የኮሌጅ ጨዋታቸውን በቪዲዮ አገላብጠው አይተዋል።

ይህን ሁሉ አድርገውም ይሳሳታሉ! አንቶኒዮ ጌትስን እ.ኤ.አ. በ2003 ማንም አልመረጠውም፤ ኮሌጅ ውስጥ የሚጫወተው ቅርጫት ኳስ ነበር። በነፃ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ከስፖርቱ የክብር መዝገብ ገባ። ጆርጅ ኪትል እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረጠው 146ኛ ሆኖ ነው፤ በዓመቱ ከቦታው ምርጦች አንዱ ሆነ። ልዩነቱ ምንድን ነው? እነሱ ሲሳሳቱ ስህተቱ ተጽፎ ይቀመጣል። ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንዳለፈው ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይታረማል። እኛ ጋ የተመለሰው ልጅ ስም እንኳ ወረቀት ላይ የለም። ያልተመዘገበ ስህተት ደግሞ አይታረምም።

«ጥሩ ልጅ የትም ቢሆን ራሱ ይወጣል» የሚሉኝ አሉ። አቡበከር ናስርን ይጠቅሱልኛል። እውነት ነው፣ በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ከዚያም ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ግን አስተውሉ፣ አጥቂ ነው! አጥቂን ጎሉ ይቆጥርለታል። ጎል የሚያድነውን፣ መንገድ የሚከፍተውን፣ የሌላውን ቦታ የሚሸፍነውን ማን ይቁጠርለት? ለዚህ የሚያይ ዓይንና የሚጽፍ እጅ ያስፈልጋል።

«ገንዘብ የለም» ደግሞ ሁለተኛው ሰበብ ነው። ወገን፣ ደብተርና እስክሪብቶ ስንት ነው? አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ነው። ያ ብር የዚያች እናት ግብርም አለበት። ልጇ ለምን እንደተመለሰ የመጠየቅ መብት የላትም?

አሰልጣኞቹን ብቻ አልኮንንም። አራት አምስት ጨዋታ ሲሸነፍ የሚባረር ሰው ስለ አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የሚያስብበት ትዕግሥት ከየት ያምጣ? ደላላው ስልክ ደውሎ ስሙ የታወቀ ተጫዋች ሲያቀርብለት ይወስዳል። ስለዚህ ምልመላው ከዋናው አሰልጣኝ ጫንቃ ወርዶ ሥራው ያ ብቻ ለሆነ ሰው ይሰጥ። ያ ሰው ቢሮ አይቀመጥ፤ የትምህርት ቤት ውድድር፣ የታዳጊ ፕሮጀክት፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲጫወቱ ሄዶ ይይ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ኳስ የተወ ይመስል ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ወልቂጤ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን ሲቀላቀል «አሁንስ የሰፈራችን ልጆች መንገድ አገኙ» ብለን ጨፍረን ነበር። መንገድ ግን ክለብ ሊግ ስለወጣ ብቻ አይከፈትም። በር ላይ የቆመው ሰው ሲያይ ነው የሚከፈተው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። አንድ ልጅ ቢያንስ ሦስት ቀን ይታይ፣ በለመደው ቦታ ይጫወት፣ ሲመለስ ምን እንደጎደለው የሚነግር አንድ ገጽ ወረቀት ይያዝ። ቁመት ከሆነም ቁመት ብላችሁ ጻፉና ፈርሙበት።

የጎረቤታችን ልጅ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ማታ ማታ ግን አሁንም ሜዳ ይወርዳል። ኳስ ሲነጠቅ፣ አሁንም ቀድሞ የሚመለሰው እሱ ነው።