ታሪክ የገዥዎች ጠበቃ አይደለም



ገዥዎች ሲጨንቃቸው ታሪክን ጠበቃ አድርገው ይቀርባሉ። ደርግ ታሪክ በራሱ ሕግ ወደ ሶሻሊዝም መገስገሱ አይቀሬ ነው ብሎ አስተማረ። በ1970 ዓ.ም. በሻለቃ መላኩ ተፈራ ዘመን በጎንደር የረገፉት ወጣቶች የዚያ ጉዞ እንቅፋት ተብለው ነው። ኢሕአዴግ ደግሞ ታሪክን የዕዳ መዝገብ አደረገው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መግቢያ ከታሪክ የተወረሰው የተዛባ ግንኙነት ይታረማል ይላል። የተዛባ ነገር መኖሩን አንክድም፤ ካድሬው ግን የሞተውን ገዥ ዕዳ በሕይወት ባለ ገበሬ ስም ጻፈው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ በትግራይ ኃይሎች የተገደሉት ገበሬዎች የማን አያት ዕዳ ነበረባቸው?

ሚዛናችን ለሌላው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ሚዛን አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ለቀብር የወጡ ሙስሊም ወገኖቻችን ተገድለዋል። ጎንደርን ጎንደር ካደረጓት መካከል የሙስሊሙ ነጋዴና የቤተ እስራኤሉ ግንበኛ እንዳሉበት እየታወቀ!

አፄ ቴዎድሮስን እንውሰድ። የቋራው ልጅ አገር አንድ ለማድረግ መነሣታቸው ያኮራናል፤ ሐውልታቸውም በከተማችን መሐል ቆሟል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠሉ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንዋየ ቅዱሳት ያስዘረፉም እርሳቸው ናቸው። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. መጥቶ ያነደዳትን ከተማ ቀድመው ያነደዷት የገዛ ንጉሧ ነበሩ። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። (ይህን በማለታችን “ጀግናችንን ነኩብን” የሚሉ እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ይበሉ።) የአገር አንድነት ታላቅ ዓላማ ነው፤ ቤቷ ለተቃጠለባት የጎንደር ሴት ግን ዓላማው ካሳ አልሆናትም።

ዛሬም ስለ ነገ ታላቅነት እየተነገረን የዛሬውን ሟችና እስረኛ እንዳንቆጥር እንጠየቃለን። የፋሲል ግንብ መታደሱ መልካም ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ያለ ክስ ለታሰረው ሰው ግን የታደሰ ግንብ ፍርድ ቤት አይሆነውም።

ስለዚህ ብትመርጡን የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ በባለሙያ እንጂ በፓርቲ ጽሕፈት ቤት፣ በእኛም ቢሆን፣ አይጻፍም። የጭናውም የጎንደሩም ግድያ በገለልተኛ ችሎት ይታያል። ገዳይ በገዛ ስሙ ይከሰሳል እንጂ በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ማንም አይከሰስም። ተከሳሹ የእኛ አባል ቢሆንም እንኳ ችሎት ይቆማል።