ከፍተኛ ብቃት በየትኛው ውኃ ላይ? በአየር የሚነፋው ካያክና የጎጃም ከፍታ

በአየር የሚነፋ ጀልባ ሲባል ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናስበው በመዋኛ ገንዳ ላይ ሕፃናት የሚጫወቱበትን ባለቀለም ላስቲክ ነው። ዛሬ ግን ከዚህ በእጅጉ የራቀ ዕቃ በዓለም ገበያ ይገኛል። ካያክ የሚባለው ረዥምና ጠባብ ጀልባ፣ ቀዛፊው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ተቀምጦ በሁለቱም ጫፍ ምላስ ባለው መቅዘፊያ የሚነዳው፣ አሁን ተጣጥፎ በጀርባ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ በውኃው ዳር በእጅ ፓምፕ ሲነፋም እንደ ጣውላ ይጠነክራል። አምራቾቹ «ከፍተኛ ብቃት ያለው» ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ብቃት የተለካው በየት አየርና በየትኛው ውኃ ላይ ነው?

የሚሻገርበት ድልድይ ያጣ ገበሬ ባለበት አገር ስለ መዝናኛ ጀልባ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። መልሳችንን ወደ መጨረሻው እናቆየዋለን። ለጊዜው ግን የቱሪስቱን ካያክ የሚያንሳፍፈው የተፈጥሮ ሕግ የገበሬውን ጀሪካን ከሚያንሳፍፈው ሕግ ጋር አንድ መሆኑን ብቻ እናስታውስ።

ብረት የተሰበረበት፣ ጎማ ያለፈበት ወንዝ

አየርን በቆዳ ውስጥ አስሮ ውኃን መሻገር አዲስ ጥበብ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት በአሦር ንጉሥ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የተቀረጹ ምስሎች ወታደሮች የተነፋ የፍየል ቆዳ ታቅፈው ወንዝ ሲሻገሩ ያሳያሉ። በዓባይና በገባሮቹ ዳርም ስልቻ ነፍቶ ወይም ቅል አስሮ መሻገር የቆየ ዘዴ ነው።

የዓባይ ሸለቆ የዘመናዊው ተነፊ ጀልባ ታሪክም አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት በብረት ጀልባዎች ዓባይን ቁልቁል ለመውረድ ሞክሮ ነበር፤ ጀልባዎቹ ብዙም ሳይርቁ ተሰባብረው ጉዞው ከሸፈ። ከ65 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት፣ በብሪታንያዊው መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ቡድን በኃይለኛው የወንዙ ክፍል በአየር የተነፉ የጎማ ጀልባዎችን ተጠቀመ። ጎማው ከዐለት ጋር ሲጋጭ ይታጠፋል፣ ይነጥራል፣ ይመለሳል፤ ብረቱ ግን የግጭቱን ጉልበት በመጣመምና በመቀደድ ይከፍላል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በፏፏቴማ ወንዞች ላይ የሚደረገው የጎማ ጀልባ ስፖርት ሲተረክ ይህ የዓባይ ጉዞ ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ጠንካራ የተባለ ሁሉ ብቁ አለመሆኑን ነው። ለዐለታማ ወንዝ ልስላሴ ብቃት ነው፤ ለጸጥተኛ ሐይቅ ግን ልስላሴ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም ከቀዛፊው ክብደት በታች የሚጎብጥ ጀልባ ውኃውን እየገፋ እንጂ እየሰነጠቀ አይሄድም።

አየር እንዴት ጣውላ ይሆናል?

የተነፋ ቱቦ ሳይሸበሸብ የሚሸከመው ጫና ከውስጡ ግፊት ጋር እኩል ያድጋል፤ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ዐቅሙም እጥፍ ይሆናል። የቱቦው ውፍረት ግን ከዚህ የበለጠ ሥልጣን አለው፤ ራዲየሱ እጥፍ ሲሆን ዐቅሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የድሮዎቹ ጀልባዎች ጥንካሬን የሚያገኙት ቱቦውን በማወፈር ነበር። ወፍራም ቱቦ ግን ጀልባውን ሰፊና ከባድ አካሄድ ያለው ያደርገዋል፤ ነፋስም እንደ ፊኛ ይገፋዋል።

አዲሱ ስልት ሌላ ነው። ሁለት ጠፍጣፋ ንጣፎች በሺህ በሚቆጠሩ እኩል ርዝመት ባላቸው ክሮች እርስ በርስ ይያያዛሉ። አየሩ ንጣፎቹን ሊያለያይ ሲገፋ ክሮቹ ይይዙታል፤ በዚህም ምክንያት ዕቃው እንደ ፊኛ ከመድበልበል ይልቅ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጠራል። ተራው ቱቦ በተለምዶ እስከ 14 ወይም 20 ኪሎፓስካል ሲነፋ ይህኛው እስከ 69 ኪሎፓስካል ይነፋል። ይህ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 69,000 ኒውተን፣ የ100 ጎልማሶችን ክብደት የሚያህል ኃይል ነው። ያን ሁሉ የሚሸከሙት በዐይን የማይታዩት የውስጥ ክሮች ናቸው። እንግዲህ «ከፍተኛ ብቃት» የሚለው ቃል ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ከፍተኛ ግፊት፣ ከርሱም የሚገኝ ቀጭንና ቀጥ ያለ ቅርጽ።

ከፍታ የሚቀይረው ስሌት

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆንዋ የከባቢ አየሯ ግፊት 75 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ነው። ከደጀን ወርደን ዓባይ ድልድይ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,050 ሜትር ይወርዳል፤ ግፊቱም ወደ 89 ይወጣል። የሁለቱ ልዩነት 14 ኪሎፓስካል ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ቁጥር ተራው ተነፊ ጀልባ በውስጡ ከሚይዘው ትርፍ ግፊት ጋር እኩል ነው!

ጥዋት በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በደብረ ማርቆስ እስከ 14 ኪሎፓስካል የተነፋ ጀልባ በመኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ወደ ሸለቆው ወረደ እንበል። ይዘቱ ብዙም አልተለወጠም ብለን ብናሰላ፣ በ25 ዲግሪ ውኃ ላይ ሲያርፍ የሚቀረው ትርፍ ግፊት 3 ኪሎፓስካል ያህል ብቻ ነው። ጀልባው አልተበሳም፣ አልተነፈሰምም፤ ነገር ግን ለምልሞ የነበረው ጠውልጎ ይገኛል። በ69 ኪሎፓስካል የተነፋው ባለክር ካያክ በዚያው ጉዞ ወደ 60 ገደማ ይወርዳል እንጂ አይጠወልግም። ይህ ለከፍተኛ ግፊቱ ጀልባ እውነተኛ ነጥብ ነው።

ጉዞው ሲገለበጥ ግን አደጋው ወደ ሌላ ወገን ይዞራል። ያው ባለክር ካያክ በሸለቆው ውስጥ በ25 ዲግሪ እስከ 69 ተነፍቶ ሳይተነፍስ ወደ ደብረ ማርቆስ ቢወጣና በፀሐይ ታጥቦ የውስጥ አየሩ 45 ዲግሪ ቢደርስ፣ ትርፍ ግፊቱ ወደ 94 ኪሎፓስካል ያድጋል። ይህ ከተፈቀደለት ከሲሶ በላይ ይበልጣል፤ ስፌቱንም ሊያፈነዳ ይችላል። ደንቡ አጭር ነው፤ ጀልባን በሚቀዘፍበት ቦታ ንፋ፣ ውኃ ላይ ጥቂት ካረፈ በኋላ ግፊቱን ዳግም ለካ፣ ዳገት ከመውጣትህ በፊት አስተንፍስ።

ስስ አየር በጉልበትም ያስከፍላል። 200 ሊትር የሚይዝ ጀልባ ሁለት ሊትር በሚገፋ ፓምፕ እስከ 69 ኪሎፓስካል ለመንፋት በባሕር ጠለል 168 ጊዜ መግፋት ይበቃል፤ በደብረ ማርቆስ ግን 192 ጊዜ ያስፈልጋል። «በአሥር ደቂቃ ይነፋል» የሚለው የአምራቹ መግለጫ ለእኛ ክንድ አልተጻፈም።

የትኛው ውኃ?

ከተማችን አጠገብ የሚፈስሱት ጨሞጋና ተምጫ በበጋ ድንጋያቸው የሚቆጠር፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ተሸክመው በድንገት የሚሞሉ ወንዞች ናቸው። በበጋው ካያክ ሆዱን ይፈግፍጋል፤ በክረምቱ ደግሞ ማንም ለመዝናናት ሊገባባቸው አይገባም። የዓባይ ሸለቆም ከጭስ ዓባይ በታች ፏፏቴውና አዞው ያለበት በመሆኑ ለሠለጠነ ቡድን እንጂ ለጀማሪ መዝናኛ አይሆንም፤ በዚያ ላይ ለሐይቅ የተሠራ ቀጭን ካያክ ለዐለቱ የተፈጠረ አይደለም።

ባለክሩ ካያክ ቦታውን የሚያገኘው በጸጥተኛ ውኃ ነው፤ ጸጥታው ሲፈቅድ በአዊ እንደ ዘንገና ባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ፣ ወይም በጣና ዳርቻ። በጣናም ቢሆን ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ፣ ዓባይ በሚወጣበት አካባቢ ያለውን ጉማሬ፣ በዳርቻው ውኃ የሚገኘውን ቢልሃርዚያ አለመርሳት ይገባል። 18 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጀልባ ለሻንጣ በረከት ነው፤ ለነፋስ ግን ላባ ነው።

በጣና ላይ ደግሞ ማወዳደሪያው አለ፤ ታንኳ። ደንገል በግንዱ ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ክፍሎችን የያዘ ተክል ነው። ስለዚህ ታንኳ በተፈጥሮ የተነፋ፣ ቢበሳም የማይተነፍስ ጀልባ ነው ማለት ይቻላል። ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣበት ራ የተባለው መርከብ የተሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። የታንኳ ጉድለቱ ውኃ እየጠጣ መክበዱ፣ እየደረቀ መዋል ያለበት መሆኑና ዕድሜው ማጠሩ ነው። ፍጥነት ከተባለ ካያኩ ያሸንፋል፤ ሲበሳ መስመጥ የለበትም ከተባለ፣ ቅርብ በሚገኝ ዕቃ ይጠገን ከተባለ ታንኳው ያሸንፋል።

የጥገናው ነገር ቀላል አይደለም። የጎሚስታው ትኩስ መጠገኛ ለጎማ ከመነዳሪ የተሠራ ነው፤ ከፕላስቲክ የተሠራውን የካያክ ቆዳ ያቀልጠዋል። ተስማሚውን ማስቲሽና ቁራጭ ጨርቅ ከጀልባው ጋር ያላስመጣ ገዢ፣ በመጀመሪያው እሾህ ላይ ከፍተኛ ብቃቱን ያጣል። በከፍታችን የሚበረታው የፀሐይ ጨረርም ቆዳውን ቶሎ ያስረጀዋልና ከቀዘፋ በኋላ ጥላ ያሻዋል።

ሳንገዛ እንለካ

የእኛ አቋም ይህ ነው፤ የተማሪ ማኅበርም ሆነ የጉብኝት ድርጅት እንዲህ ያለ ጀልባ ከመግዛቱ በፊት የአምራቹን ወረቀት ሳይሆን የራሱን ልኬት ይመን። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጀልባውን በሁለት ድጋፎች ላይ አስቀምጦ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሮ፣ በመካከሉ 75 ኪሎ ግራም ጭኖ ጉብጠቱን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ይህን በተለያየ ግፊት ደጋግሞ ግራፍ ማንሣት ለአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚያኮራ ሥራ ነው።

ፍጥነቱንም በ100 ሜትር ርቀት ላይ በሄዱና በመልስ መለካት ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ነገር አለ። ወራጅ ውኃ ባለበት በ50 ሰከንድ ወርዶ በ100 ሰከንድ የተመለሰ ጀልባ ፍጥነቱ ስንት ነው? ጠቅላላ ርቀቱን ለጠቅላላ ጊዜ ያካፈለ ሰው በሰከንድ 1.33 ሜትር ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን የሁለቱ ፍጥነቶች፣ የ2 እና የ1፣ አማካይ የሆነው 1.5 ነው፤ የውኃው ፍሰት የሚጣፋው በፍጥነቶቹ ድምር እንጂ በጊዜዎቹ ድምር አይደለምና።

ስለ ጀሪካኑ

ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። ባለ20 ሊትር ጀሪካን በውኃ ውስጥ ሲጠልቅ፣ የራሱ ክብደት ተቀንሶ፣ ወደ 190 ኒውተን የሚጠጋ የማንሳፈፍ ኃይል ይሰጣል። ለቀዛፊዎች የሚታዘዘው ቀላሉ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ግን 50 ኒውተን ብቻ ነው። ታዲያ ጀሪካን የታቀፈ ሰው ስለ ምን ይሰምጣል? ኃይሉ አንሶት አይደለም። ጀሪካኑ ከእጅ ያመልጣል፤ ክዳኑ ይከፈታል፤ ራስንም ከውኃ በላይ ቀጥ አድርጎ አይዝም። ሰደርያው ግን ትንሹን ኃይል በትክክለኛው ቦታ፣ በደረት ላይ፣ ከሰውነት ጋር አስሮ ያስቀምጠዋል። በውኃ ላይ የሚያድነው የኃይሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም ነው።

ይህ ዕውቀት ከመዝናኛ ጀልባው ይልቅ በክረምት ወንዝ ተሻግሮ ትምህርት ቤት ለሚሄደው ልጅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ዕውቀቱ የሚለመደው ውኃን ከመፍራት በቀር በማያውቅ ትውልድ ዘንድ አይደለም። መዋኘትን፣ መቅዘፍን፣ ሰደርያ ማሰርን በጸጥተኛ ሐይቅ ላይ እየተዝናና የተማረ ወጣት፣ ነገ በመንደሩ መሻገሪያ ላይ ጀሪካንን ከደረት ጋር አጥብቆ ማሰር እንደሚሻል የሚመክር፣ ሞላ ያለውን ወንዝም «ዛሬ አይሻገሩም» ብሎ የሚከለክል ሰው ይሆናል።

በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ንጋት የተባለ ታላቅ ሐይቅ ፈጥሮልናል። ከእንግዲህ አገራችን የምትኖረው ከቀድሞው በሰፋ ውኃ ዳር ነው። ስለዚህ በገንዘብ ማነስ ምክንያት ከካያኩና ከሰደርያው አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉ የተማሪ ማኅበራት ብትኖሩ፣ ምክራችን ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ ሰደርያዎቹን ግዙ፣ ለጊዜውም በታንኳ ቅዘፉ።