የቪዲዮ ጌም ቅምሻ፦ ያልተሸጠ ቅጂ ሁሉ ኪሳራ ነውን?

ዲሞ ተጫዋቹ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የአንድን ቪዲዮ ጌም ከፊል በነጻ እንዲሞክር የሚቀርብለት ቅምሻ ነው። ቀደም ብሎ የሚወጣ ዲሞ ጨዋታውን ያስወድዳል ወይስ ተፈላጊነቱን ይቀንሳል የሚለው ጥያቄ የዘርፉን ባለሙያዎች ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ክርክሩ በአብዛኛው የሚዳኘው ግን በአንድ መለኪያ፣ ይኸውም በሽያጭ ብዛት ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ይህ መለኪያ ራሱ ሊፈተሽ ይገባል የሚል ነው።

ዲሞ ጎጂ ነው የሚሉ ወገኖች ደጋግመው የሚጠቅሱት፣ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የጨዋታ ንድፍ ባለሙያ ጄሲ ሼል እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የዘርፉ ጉባኤ ላይ ያቀረቡትን ንጽጽር ነው። በኤክስቦክስ 360 ጨዋታዎች ሽያጭ ላይ የተመሠረተው ይህ ንጽጽር፣ የማስታወቂያ ቪዲዮ ብቻ የነበራቸው ጨዋታዎች ቪዲዮም ዲሞም ከነበራቸው እጅግ የተሻለ እንደተሸጡ ያሳያል። አንድምታው ግልጽ ነው፤ ቪዲዮ ጉጉትን ይቀሰቅሳል፣ ዲሞ ግን ያንኑ ጉጉት በነጻ ያረካዋል።

ንጽጽሩ የሚያሳየው ግን ተዛምዶን እንጂ ምክንያትና ውጤትን አይደለም። ስሙ የገነነና ሰፊ የማስታወቂያ በጀት ያለው ጨዋታ ያለ ቅምሻም ገዢ አያጣም፤ ቅምሻ ማቅረብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ገና ያልታወቀው ነው። ስለዚህ የሽያጩ ልዩነት ከዲሞው በፊት የነበረ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ኢኮኖሚስቱ ፊሊፕ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ጥራታቸው ከግዢ በፊት በመመርመር የሚታወቅ ዕቃዎችን፣ ጥራታቸው በመጠቀም ብቻ ከሚታወቅ ዕቃዎች ለይተዋል። ቪዲዮ ጌም ከሁለተኛው ወገን ነው፤ የእንቅስቃሴው ቅልጥፍናና የፈተናው ክብደት በእጅ ካልተሞከሩ በዓይን ብቻ አይለዩም። እንግዲህ ዲሞውን ሞክሮ መግዛቱን የተወ ሰው ሁሉ እንደ ጉዳት ሊቆጠር አይገባም። ከእነዚህ መካከል ቢገዛ ኖሮ የሚጸጸት ይኖራል፤ እርሱን በተመለከተ ዲሞው ሥራውን ሠርቷል።

ቅምሻ የሚሸጥበትም ጊዜ አለ። ኢድ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ዱም የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ ከሦስቱ ክፍሎች የመጀመሪያውን በነጻ ለቀቀ፤ ማንም እየቀዳ ለሌላው እንዲያድል ፈቀደ፤ ቀሪዎቹን ሁለቱን ለከፈለ ብቻ ሰጠ። ጨዋታው በዓለም ዙሪያ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። የተሰጠው ክፍል ከተጠናቀቀ ሥራ የተቆረሰ በመሆኑ ቀማሹ ያገኘውና ገዢው የሚያገኘው አንድ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ኤሊየንስ፦ ኮሎኒያል ማሪንስ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ሲወጣ፣ ቀደም ሲል ለሕዝብ ከታየው ማሳያ በእጅጉ አንሶ ተገኘ የሚል ብርቱ ቅሬታ ተነሣ። ጉዳዩ ለብሪታንያ የማስታወቂያ ደረጃዎች ባለሥልጣን ሲቀርብም አሳታሚው ሴጋ ማስታወቂያዎቹ ከማሳያው በተወሰዱ ምስሎች የተሠሩ መሆናቸውን አምኗል። እዚህ ላይ ተመልካቹ ማሳያውን እንደ ቃል ኪዳን ቆጠረው፤ ቃሉ ሲታጠፍም ተቆጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያልበሰለን ሥራ እንደ በሰለ አድርጎ ማሳየት በኋላ በቀላሉ የማይጠገን መተማመንን ያፈርሳል።

ታዲያ ያልተጠናቀቀ ሥራ ጨርሶ አይታይ ማለት ነውን? የኦክቶፓዝ ትራቭለር ታሪክ ሌላ መንገድ ያመለክታል። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ለኒንቴንዶ ስዊች የመጀመሪያውን ዲሞ ያቀረቡት ከመጠይቅ ጋር ነበር፤ ወደ 45,000 የሚጠጉ ምላሾችም ደረሷቸው። በአስተያየቶቹ መሠረት ታሪክ የሚተርኩ ትዕይንቶችን ማለፍንና ፈጥኖ መጓዝን የመሳሰሉ ማሻሻያዎች አደረጉ። በሰኔ 2018 ሁለተኛውን ዲሞ አወጡ፤ ይህኛው ለ3 ሰዓት የሚያጫውት ሲሆን፣ ተጫዋቹ ጨዋታውን ሲገዛ ካቆመበት እንዲቀጥል ያስችለው ነበር። የመጀመሪያው ዲሞ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ይሸጣል። ችግር የሚፈጠረው የመጀመሪያው የሁለተኛውን ልብስ ለብሶ ሲቀርብ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዲሞ ማዘጋጀት የሰው ኃይልና ጊዜ ይጠይቃል፤ ለጥቂት ሰዎች ቡድን ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ሆኖም ጥራትን ሸሽጎ መሸጥም ከቀድሞው ይልቅ አዋጭነቱ እየቀነሰ መጥቷል። የስቲም መደብር ከ2015 ጀምሮ በተገዛ በ14 ቀናት ውስጥ የተመለሰንና ከ2 ሰዓት በታች የተሞከረን ጨዋታ ገንዘብ ይመልሳል። ገዢው በዲሞ ያላገኘውን ቅምሻ ከግዢ በኋላ ያገኘዋል፤ ካልጣመው ገንዘቡን ያስመልሳል።

ስለሆነም ዲሞ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብሎ በጥቅሉ መጠየቅ ወደ መልስ አያደርስም። ለመሸጥ የሚወጣ ዲሞ ከተጠናቀቀው ሥራ ይቆረስ፤ ቀድሞ የሚወጣውም ያልተጠናቀቀ መሆኑን በግልጽ ይናገር፣ የቀማሹንም አስተያየት ይቀበል። እንዲህ የተዘጋጀ ዲሞ ሽያጭ ቢቀንስ እንኳ ጥፋቱን በዲሞው ላይ ከመጫን በፊት ጨዋታውን መመርመር ይገባል።